አንድ ኩንታል ከአሥራ ስምንት

መተማ ዮሐንስ ላይ የሰሊጥ ሚዛን ላይ መውጣት እንደ ጨዋታ ነው። ሐማሎቹ መኪና እስኪመጣ ሥራ ሲፈቱ እርስ በርስ ይመዛዘናሉ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ሰሊጡ በሚገባበት ሰሞን፣ ምሳቸውን ይዤ መጋዘን ብሄድ «እትዬ፣ ዛሬስ እርስዎም ይውጡ» አሉኝ። ወጣሁ። አንደኛው ልጅ ሚዛኑን አየና ልክ ጆንያ እንደሚቆጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ «አንድ ኩንታል ከአሥራ ስምንት!» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ምግብ ቤቴን ዘግቼ ብቻዬን ስቀመጥ ግን ሳቁ ጠፋ። ከወንበር ለመነሳት ጠረጴዛ መደገፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር።

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?» እያላችሁ ስለጠየቃችሁኝ አንድ ጊዜ ጽፌው ልረፍ። ጨጓራዬን አስቆርጬ ነው። ነገሩ ግን በዚህ አያልቅም።

በእኛ ቆላ «ወፈርሽ» ስድብ አይደለም። «ተመቸሽ፣ እግዜር ረዳሽ» ማለት ነው። ለምግብ ቤት ባለቤት ደግሞ ማስታወቂያም ጭምር ነው፤ ከሲታ ሴት የሠራችውን ወጥ ማን ያምናል? ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ተሻግረው ፉል ሊበሉ የሚመጡ ሱዳናውያን ደንበኞቼ እንኳ ክንዴን ይዘው «ማሻ አላህ» ይሉኝ ነበር።

መክሳት ግን በዚህ አገር ሌላ ትርጉም አለው። በሰሊጥና በማሽላ ማሳዎቻችን መሀል ካላዛር የሚባል በሽታ ይኖራል። የምታስተላልፈው በግራር ሥርና በተሰነጠቀ ዋልካ መሬት ውስጥ የምትደበቅ የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ይበልጥ የሚጎዳው ማሳው ላይ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ ነው። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ሰውየው እየከሳ ሄዶ ልብሱ ውስጥ ይጠፋል። ካልታከመ ይገድላል። ለአጨዳ ከደጋ የወረደ ጎረምሳ ጥር ላይ አጥንቱ ገጦ ስናይ መጀመሪያ የሚመጣብን እሱ ነው፤ እሱ ካልሆነ ኤችአይቪ። ስለዚህ እዚህ የከሳን ሰው ሐኪም ሳያየው በፊት ሰፈሩ ምርመራውን ጨርሶ ይጠብቀዋል።

የእኔ ሕመም ከዚህ በተቃራኒ ነበር። በ36 ዓመቴ ስኳር፣ በ38 ደም ግፊት ተገኘብኝ። ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እምቢ አለ። ሌሊት የማንኮራፋው ልጆቼን ከሌላ ክፍል ይቀሰቅሳቸው ነበር። አልሞከርኩም እንዳትሉኝ። ፀሐይ ሳትወጣ እየተነሳሁ በእግሬ ሄድኩ፤ ሻይ ያለ ስኳር ጠጣሁ፤ መተማ ላይ ሻይ ያለ ስኳር ማዘዝ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። 9 ኪሎ ቀነስኩ፤ ባመቱ 12 ሆኖ ተመለሰ።

ጎንደር ያየችኝ ሐኪም ሆዳም ነሽ አላለችኝም። ሰውነት የለመደውን ክብደት እንደ ንብረቱ ይጠብቀዋል፣ ሲቀንስበት ረሃቡን ይጨምራል፣ የሚያቃጥለውን ኃይል ይቆጥባል አለችኝ። ቁመቴን 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴን 118 ኪሎ ብላ አሰላችና «ምጣኔሽ 45 ነው» አለች። ምጣኔው 40 ያለፈ ሰው፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳር ያለ ተጓዳኝ በሽታ ያለበት፣ ለቀዶ ጥገና ሊታሰብ እንደሚችል ያን ቀን ሰማሁ። የሁለት መኸር ገንዘቤን አጠራቀምኩ።

በ2014 የካቲት መጀመሪያ አዲስ አበባ በአንድ የግል ሆስፒታል ተሠራልኝ። ጉበት ላይ የተጠራቀመው ስብ ቀንሶ ለሐኪሞቹ መንገድ እንዲለቅላቸው ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ ጠጥቻለሁ። ዓይነቱን «ስሊቭ» ይሉታል፤ የሚተርፈው ጨጓራ እንደ ሸሚዝ እጅጌ ጠባብና ረዥም ስለሚሆን ነው። ሆዴ ላይ አምስት ትንንሽ ቀዳዳ በስተው፣ በካሜራ እያዩ፣ ከጨጓራዬ ከአራት ሦስት እጅ ያህሉን ቆርጠው አወጡት። የቀረልኝ የሚይዘው ከሁለት ሲኒ ቡና ብዙም አይበልጥም። ስነቃ ያመመኝ ከሆዴ ይልቅ ትከሻዬ ነበር፤ ሆድ ውስጥ የነፉት አየር ነው አሉኝ። ደም እግር ላይ እንዳይረጋ ብለው በዚያው ማታ አስነስተው አስኬዱኝ።

ተቆርጦ የወጣው ክፍል ግሬሊን የሚባለውን የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው ነው። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ነው ያገኙት። እኔ የገባኝ ግን በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ምሳ አለመብላቴን ረስቼው አገኘሁት። ምሳ መርሳት በሕይወቴ ደርሶብኝ አያውቅም።

ለሁሉም ሰው «የሐሞት ጠጠር ነው ያወጣሁት» አልኩ፤ ለእናቴም ጭምር። ለምን? ሀፍረት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የአገራችን ሴቶች ከመቶ 22ቱ ከሚገባው በታች የከሱ፣ 8ቱ ከሚገባው በላይ የወፈሩ ነበሩ። እኔ ከ8ቱ ነበርኩ። የሚበላ ያጣ በሞላበት አገር መብላት እንዳልችል ገንዘብ ከፈልኩ ብዬ ለማን ልንገር?

ያገገምኩት ጎንደር እህቴ ቤት ነው። መጀመሪያ በወንፊት የወረደ አጥሚት፣ ቀጥሎ ቀጠን ያለ ሽሮ። የነፍስ አባቴ ጾሙን ቢፈቱልኝም ከሽሮና ከምስር ብዙም አልወጣሁም። ሚያዝያ 16 ፋሲካ ሆነ፤ ዶሮ ወጡ መሀል ላይ ተቀምጦ ግማሽ እንቁላል በ20 ደቂቃ በላሁ። እናቴ ጉርሻ ጠቅልላ ዘረጋች። ሐኪሙ ጨጓራዬን አጠበበው እንጂ የእናቴን እጅ አላሳጠረውም። ጎረስኩላት፤ ጓሮ ወጥቼ አስመለስኩት፤ ፊቴን ታጥቤ ተመልሼ «እንዴት ይጣፍጣል» አልኳት። ከቀዶ ጥገናው ስቃይ ይልቅ ዛሬም የሚያመኝ ያ ውሸት ነው።

መተማ የተመለስኩት ሙቀቱ 40ን ባለፈበት ሰሞን ነው። ቆላ ውኃ በጣሳ ይጠጣል፤ የእኔ ጨጓራ በጉንጭ እንጂ አይቀበልም። ከምግብ ጋር አትጠጪ፣ ከምግብ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ ተብያለሁ። ምድጃ ሥር ሆኜ ይህን ሳሰላ አንድ ቀን ወደቅሁ፤ ክሊኒክ ወስደው ሁለት ከረጢት ፈሳሽ በደም ሥሬ ሰጡኝ። ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ ሰው ወደ ሆስፒታል ከሚመለስባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የፈሳሽ እጥረት መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ከሆስፒታል የሸኙኝ ሰዎች ስለ ምግቡ ወረቀት ሰጥተውኝ ነበር፤ ስለ መተማ ፀሐይ ግን ወረቀቱ ምንም አይልም።

በአራተኛው ወር ፀጉሬ በእፍኝ ይነቀል ጀመር። ሰፈሩም ምርመራውን ጀመረ። ደንበኛ ቀነሰ። አንዷ ጎረቤቴ ጠበል በጀሪካን ይዛልኝ መጣች፤ ስትወጣ ጆሮዬ ሥር «መድኃኒቱን ጀምሪ እንጂ፤ ዛሬ እኮ ሰው አይሞትበትም» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። አቅፋኝ ነው የሄደችው።

በ2015 ጥቅምት ትኩሳት ያዘኝ። ከመድኃኒት ቤት ኪኒን ገዝቼ ዋጥኩ፤ ሄድ መለስ እያለ ሁለት ሳምንት ቆየ። ጤና ተቋም ስሄድ አንድ ወጣት የጤና መኮንን ሆዴን ዳሰሰና «ስንት ኪሎ ቀነሱ፣ እናቴ?» አለኝ። «30 ገደማ» አልኩት። «ቀዶ ጥገና ተሠርተው ያውቃሉ?» ሲለኝ «የሐሞት ጠጠር» አልኩ፤ ለሐኪምም ዋሸሁ። የረዘመ ትኩሳት፣ ክሳት፣ የሚዳሰስ ጣፊያ፤ ልጁ የካላዛር፣ የወባና የኤችአይቪ ምርመራ አዘዘልኝ። ትክክል ነበር።

ውጤት ስጠብቅ አግዳሚው ላይ አንድ የቀን ሠራተኛ አጠገቤ ተቀመጠ። ዕድሜው ሃያ አይሞላም። ለካላዛር በየቀኑ ሁለት መርፌ ለ17 ቀን የሚወጋ ነበር። አየኝና በርኅራኄ «እናቴ፣ ስንተኛ ቀንዎ ነው?» አለኝ። ከራሱ ቆጥሮኝ ነው። እሱ 11ኛው ላይ ነበር። የምመልስለት አጣሁ።

ወባ ነበር። ሌላው ሁሉ ነፃ። ተመልሼ ገባሁና ለጤና መኮንኑ እውነቱን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እስካሁን አለመናገርዎ ነው የሚያስፈራው፤ ለራስ ምታትዎ የጻፍኩልዎ ማስታገሻ ጨጓራዎን ሊያቆስለው ይችል ነበር» ብሎ ወረቀቱን ቀደደና ሌላ ጻፈ።

ያን ሳምንት ለሁሉም ተናገርኩ። ለእናቴ በስልክ፣ ለጎረቤቴ ጠበሏን እየመለስኩላት። ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ አላመነም። አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ «ሰው የሚበላው አጥቶ አንቺ መብያሽን አስቆረጥሽ?» አሉኝ። «አዎ አባቴ፣ ስኳሩ ዓይኔን ሳይወስደው» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በማግስቱ ግን ምሳ ሊበሉ መጡ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሳ፤ በቀናት ውስጥ ሕዝቡ በገላባት በኩል ይጎርፍ ጀመር። ከነዚያ መሀል ክንዴን ይዛ «ማሻ አላህ» ትለኝ የነበረች ደንበኛዬ ነበረች። ቶብ የሚሉት ልብሷ ሁለት ዙር ይጠቀልላታል። እኔን አይታ ደነገጠችና «ኢንቲ ዓያና?» አለችኝ፤ ታመምሽ ወይ ማለቷ ነው። እኔም እሷን ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ነበር። ፉል አቀረብኩላት። እኔ አንድ ማንኪያ ስል እሷ ሳህኑን ጨረሰች፤ ደገምኩላት። በዚያ ማዕድ የሁለታችንም ክሳት ምክንያቱ ለየብቻ ነበር፤ ዓይን ብቻውን የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም።

ለማስቆረጥ ለምታስቡ የማውቀውን ልንገራችሁ። ስኳር ቀንሶልኛል፤ ከሁለት ዓይነት ኪኒን ወደ አንድ ወርጃለሁ፤ ጉልበቴ ደረጃ ይወጣል። ነገር ግን ቆዳዬ እንደ ባዶ ጆንያ ተንጠልጥሏል፣ ብዙ ከበላሁ እቀጣለሁ፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ የዕድሜ ልክ ናቸው። በአማራ ክልል ውጊያ ከተስፋፋበት ከነሐሴ 2015 ወዲህ የጎንደር መንገድ በተዘጋ ቁጥር የምቆጥረው ዘይትና ዱቄት ብቻ አይደለም፤ የኪኒን ፍሬም እቆጥራለሁ። ስለዚህ «ስንት ያስከፍላል?» ከማለታችሁ በፊት «ከዓመት በኋላ ማን ያየኛል? መድኃኒቱን ከየት አገኛለሁ?» በሉ። ለጎረቤት መደበቅ መብታችሁ ነው፤ ለሚያክማችሁ ሰው ግን አትደብቁ።

ባለፈው ጥቅምት ሐማሎቹ እንደገና ሚዛን ላይ አወጡኝ። «ሰማንያ አንድ! ኩንታል አልሞሉም፣ እትዬ!» ተባልኩ። ቀጭን አይደለሁም፤ እሱንም አልፈለግሁ። ያለ ድጋፍ ከወንበሬ እነሳለሁ።

እና መንገድ ላይ ስታገኙኝ፣ እኔንም ሆነ ሌላ ሰው፣ «ከሳሽ» ወይም «ወፈርሽ» ከማለታችሁ በፊት «እንደምን ሰነበትሽ?» በሉ። የቀረውን ባለቤቷ ከፈለገች ትነግራችኋለች።