«አላውቅም» የሚል ሰዓት

ኮምፒዩተር ጠፍቶ ሲያድር ሰዓቱን ማን ይቆጥርለታል? ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ማዘርቦርዱ ላይ አንዲት ትንሽ የሰዓት ቺፕ አለች። ከጎኗ ደግሞ ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ተቀምጣለች። መብራት ሲጠፋ ቺፗ በዚያች ባትሪ እየኖረች፣ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ክሪስታል ትቆጥራለች። ቁጥሩ ያለምክንያት አልተመረጠም፤ 15 ጊዜ ለሁለት ለሁለት ሲካፈል ልክ 1 ይመጣል። አንድ ሰከንድ ማለት ነው።

ማሽኑ ሲበራ ቺፗን «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ የሚጠይቃት በከርነሉ፣ ማለትም በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ውስጥ ያለ ድራይቨር የሚባል አጭር ፕሮግራም ነው። የእኔ ሥራ በእንዲህ ያሉ ድራይቨሮች ላይ ሌሎች የሚያደርጉትን ለውጥ አንብቤ «ይግባ» ወይም «ይመለስ» ማለት ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስምንት መስመር ብቻ ስለነበረ አንድ ለውጥ ነው። ኮድ የማትጽፉም አንብቡት፤ ነገሩ የኮድ ብቻ አይደለም።

ቺፗ ፒሲኤፍ 8563 ትባላለች፤ በብዙ ርካሽ ዕቃዎች ውስጥ ትገኛለች። ሰከንድን የምታስቀምጠው ስምንት ቢት ባላት ቦታ ላይ ነው። ሰከንድ ከ59 ስለማያልፍ ግን ሰባቱ ይበቁታል። የቺፗ ሠሪዎች የተረፈችውን ስምንተኛዋን ቢት ለትልቅ ጉዳይ ሰጧት። ባትሪው ከሚገባው በታች ሲደክም ይህች ቢት ትበራለች። ትርጉሟ «ከእንግዲህ የምነግራችሁን ሰዓት አትመኑ» ነው። አንዴ ከበራች በራሷ አትጠፋም፤ የምትጠፋው ሶፍትዌሩ አዲስ ሰዓት ሲጽፍ ነው። ሥርዓቱ ያምራል፤ ጥርጣሬው የሚነሳው እውነተኛ ሰዓት የሚያውቅ አካል መጥቶ ሰዓቱን ሲሞላ ብቻ ነው።

ስምንቱ መስመር ምን አደረገ? ማሽኑ ገና ሲነሳ ቢቷን ያያል። በርታ ካገኛት ቺፗ ላይ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 2000፣ ከሌሊቱ 00፡00 ብሎ ይጽፋል። ሲጽፍ ቢቷም አብራ ትጠፋለች። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ ሁሉ ንጹሕ የሚመስል ሰዓት ያገኛል። ኮዱ ይሠራል፣ ፈተናውንም ያልፋል፣ አጻጻፉም ንጹሕ ነው። ስህተት ፈልጎ ለሚያነብ ሰው ምንም የለበትም።

እኔ መለስኩት።

የጻፈው ወጣት ባልደረባዬ ጎበዝ ልጅ ነው፤ መጥቶ ተከራከረኝ። «ጋሼ፣ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር የስህተት መልእክት ሲያወጣ ደንበኛው ዕቃው ተበላሸ ብሎ ይመልስልናል። ሰዓቱ እንደሆነ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይስተካከላል» አለኝ።

ክርክሩ ባዶ አይደለም። ኢንተርኔት ያለው ማሽን በእርግጥ ከኔትወርክ ሰዓት አንብቦ ይስተካከላል። እኔም «ወንድሜ፣ ኢንተርኔት ላለውማ የአንተ ስምንት መስመር አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ለሌለው ነው፤ እሱን ደግሞ ዋሸኸው» አልኩት።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። የተሳሳተ ቀን በየትም አገር ችግር ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የባሰ ነው። አንድ ናይሮቢ ያለ ሰው በ2017 ኮምፒዩተሩ 01/01/2010 ቢለው ወዲያው ይስቃል፤ ባትሪው እንዳለቀ ይገባዋል። እኛስ? የእኛ ዘመን ከፈረንጆቹ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። ብዙ ማዘርቦርዶች ደግሞ ባትሪያቸው ሲያልቅ የሚመለሱት ወደተሠሩበት ዓመት ነው። እንግዲህ በፈረንጆቹ 2010 የተሠራ ማሽን ሰባት ዓመት አገልግሎ ባትሪው ቢያልቅ 01/01/2010 ይላል። በእኛ አቆጣጠር ያ ምንድን ነው? መስከረም 1 ቀን 2010 ዓ.ም.! እንቁጣጣሽ! ዓመተ ምሕረቱም ልክ፣ ወሩም ያለ፣ ቀኑም ያለ። ማን ይጠረጥረዋል?

ይህን ያሰብኩት ቁጭ ብዬ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. አንድ ደጋ ጤና ጣቢያ ውስጥ ያለ ኮምፒዩተር እንድመለከት ተጠርቼ ነበር። ያስጠሩኝ ለሌላ ነገር ነው፤ ፕሪንተሩ እምቢ ብሎ። ዝርዝሩን ስከፍተው መዓት መዝገብ 01/01/2010 ይላል። በመስከረም 1 ያ ሁሉ ሰው መጥቷል? በበዓል ቀን? መብራት በተቋረጠ ቁጥር ሰዓቱ ወደዚያው ቀን ይመለስ ነበር። መዝገብ የምትይዘዋ እህት «ትክክል ነው ብዬ ነው፤ 2010 አይደለንም እንዴ?» አለችኝ። ምን ትበል? እሷ ያነበበችው የተጻፈውን ነው።

ቀን በጤና ጣቢያ ጌጥ አይደለም። ሕፃን የመጀመሪያውን የአምስቱን በሽታ ክትባት በስድስት ሳምንቱ፣ ሁለተኛውን በአሥር፣ ሦስተኛውን በአሥራ አራት ሳምንቱ ይወስዳል። በመካከሉ አራት ሳምንት መቆየት አለበት። ኅዳር 20 የተከተበ ልጅ መስከረም 1 ተብሎ ከተጻፈ፣ በማግስቱም ቢመጣ ማሽኑ «ጊዜው አልፎታል፤ ከትቡት» ነው የሚለው። ቀኑ ባዶ ቢሆን ኖሮ ግን ነርሷ ካርዱን ታያለች፣ እናቲቱን ትጠይቃለች። ባዶ ቦታ ሰው ያስጠይቃል፤ የተሞላ ውሸት ግን ሰው ያሳርፋል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። በመዝገብ ውስጥ ያለ የተሳሳተ ቀን ግን እያደር አይጠራም። እያደር ማስረጃ ይሆናል።

ያደግሁት መንዝ፣ ቀየት ነው። ድሮ ሰዓት የሌለው ሰው በፀሐይ መሬት ላይ ቆሞ የጥላውን ርዝመት በራሱ እግር ጫማ ይለካ ነበር። ክረምት ገብቶ ጉሙ ገደሉን ሞልቶ ሲተኛ ግን ጥላ የለም። ያን ጊዜ አንድ አዛውንት «ስንት ሰዓት ሆነ?» ተብለው ሲጠየቁ «ጉም ነው ልጄ፤ አይታወቅም» ይሉ ነበር። የትናንቱን ጥላ አምጥተው አይነግሩም። ከእኒያ አዛውንት የተሻለ የሰዓት ድራይቨር እስካሁን አላነበብኩም።

ሰዓት ሊያዘግም ይችላል፤ ያንን እንቀበላለን። እነዚህ ክሪስታሎች በትክክል የሚርገበገቡት 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ሲቀዘቅዝም ሲሞቅም ይዘገያሉ። 5 ዲግሪ ላይ በቀን ከአንድ ሰከንድ በላይ ያዘግማሉ። የመንዝ ውርጭ ለሰዓት ቺፕም አይመችም ማለት ነው! በወር ግማሽ ደቂቃ ያህል ብትዘገይ ግን ማንንም አትገድልም። ማዘግየትና የማያውቁትን አውቃለሁ ማለት ለየቅል ናቸው።

በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያለው የዚህች ቺፕ ድራይቨር ይህን ያውቃል። ያቺ ቢት በርታ ካየ ቁጥሩን አያሳልፍም፤ ሰዓቱ አይታመንም ብሎ ስህተት ይመልሳል። ከዚያ ያለውን የሚወስነው ከላይ ያለው ሶፍትዌር ነው፤ ሰው ይጠይቅ፣ ኔትወርክ ይጠብቅ፣ ወይም መጨረሻ ያስቀመጠውን ሰዓት ይዞ «በግምት» ብሎ ይጻፍ። ወጣቱ ባልደረባዬም በመጨረሻ ያደረገው ይህንኑ ነው። ስምንቱን መስመር አንስቶ፣ ማሽኑ ሲነሳ «እባክዎ ቀንና ሰዓት ይሙሉ» የሚል ገጽ ጨመረ። ከበፊቱ ረዘመ። ደንበኛውንም ትንሽ ያደክማል። ይግባ አልኩ።

ከዚህ ሥራ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። የሌላ ሰው ኮድ ስታነቡ ምን እንደሚሠራ ብቻ አትዩ፤ ምን እንደሚያጠፋ እዩ። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ምክንያቱም ማስጠንቀቂያ ያስጠላል። በቢሮም በሪፖርትም ያው ነው። «አልታወቀም» ተብሎ መተው የነበረበት ሣጥን ውስጥ ቁጥር የሚሞላ ሰው ብዙ ነው፤ አለቃውም ይወደዋል።

እስከዚያው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የኮምፒዩተራችሁ ቀን ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ያቺን ሳንቲም ባትሪ ቀይሩ። በብዙ ዴስክቶፖች ላይ ሲአር 2032 የምትባለው ናት። ከዚያ በፊት ግን የተጻፉትን መዝገቦች አንዴ ክፈቷቸው። በተለይ መስከረም 1 የሚሉትን።