ማንጎ ወዳለበት አገር ቆርቆሮ ይዤ ሄድኩ!

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ስለ ፍራፍሬ ሰላጣ ላወጋችሁ ነው። “ኧረ ባክሽ! ፍራፍሬ መክተፍ ደግሞ ምን ወሬ አለው?” ትሉኝ ይሆናል። አልፈርድባችሁም። እኔም ቢላዋና ሳህን ያለው ሰው ሁሉ የሚሠራው ነገር ይመስለኝ ነበር። ይህን ሐሳቤን ያስጣለኝ የ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ነው። ያን ዓመት በዓሉ ሚያዝያ 27 ነበር የዋለው። እኔና ባለቤቴም ከእናቱ ቤት ልንውል አርባ ምንጭ ወረድን።

በአማት ቤት የመጀመሪያ በዓል ምን ማለት እንደሆነ ያገባችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ባዶ እጅ አይኬድ ነገር! ዶሮ ልሥራ እንዳልል የአማቴ እጅ የተመሰከረለት ነው። ታዲያ ምን ላርግ? አዲስ አበባ ጓደኞቼ የሚያደንቁልኝ አንድ ነገር አለ፤ የፍራፍሬ ሰላጣዬ! ሁለት ቆርቆሮ የታሸገ ፍራፍሬ፣ አንድ ጠርሙስ ቪምቶና አንድ ኪሎ ስኳር ቦርሳዬ ውስጥ ወተፍኩና ጉዞ ጀመርን። ባለቤቴ እያየ “ተይ” እንኳ አላለኝም። ወንዶች እኮ እንዲህ ናችሁ!

በቡታጅራና በሆሳዕና አድርገን ወላይታ ሶዶ ስንደርስ አየሩ ገና ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ከሶዶ እስከ አርባ ምንጭ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ቁልቁል ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲወርድ አውቶብሱ ውስጥ ሹራብ የለበሰ ሁሉ ማውለቅ ጀመረ። በግራ በኩል የአባያ ሐይቅ ቡናማ ቀይ ሆኖ ብቅ አለ። በምዕራብ አባያ በኩል ስናልፍ ልጆች ማንጎ በሳፋ ይዘው መስኮት ለመስኮት ይሯሯጣሉ። ላንቴና ጫኖ ስንቃረብ ደግሞ ግራና ቀኙ ሙዝ በሙዝ ሆነ። አንድ አይሱዙ ከመንገዱ ዳር ቆሞ አረንጓዴ ሙዝ ሲጫንበት አየሁ።

ከጎኔ የተቀመጡት አባት ሳቅ ብለው፣ “እናንተ አዲስ አበባ የምትበሉት ይሄንን ነው” አሉኝ። “እዚህ ጥሬውን ይቆረጣል፣ እዚያ ቤት ተዘግቶበት ይበስላል።”

“ለምን እዚሁ አይበስልም?” አልኳቸው።

“ከበሰለማ ምን ሆኖ ይደርሳል? ገንፎ ነዋ!”

እኔ ድሮ ፒያሳ ከነበረው አትክልት ተራ፣ አሁን ደግሞ ከኃይሌ ጋርመንት ሙዝ ስገዛ ኖሬያለሁ። ከየት፣ እንዴት ሆኖ እንደሚመጣ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። የቦርሳዬ ቆርቆሮዎች መክበድ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው።

አማቴ የሚኖሩት ከታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ነው። ግቢያቸው ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ምን ይመስላችኋል? ፍሬው ያጎበጠው የማንጎ ዛፍ! ከአጥሩ ጥግ ደግሞ አንድ የዘይቱን ዛፍ። ፍሬው ግን ገና እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነበር። ሳም ሳም ከተባባልን በኋላ ያመጣሁትን ዘረገፍኩ። አማቴ አንዱን ቆርቆሮ አንስተው አገላበጡት።

“ይሄ ምንድነው ልጄ?”

“ፍራፍሬ ነው እማማ።”

“ፍራፍሬ? በቆርቆሮ?” ብለው ቀና አሉና በበሩ በኩል ወደ ዛፉ አዩ። ከዚያ ሳቃቸውን ለቀቁት። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን በእፍረት ሟሟ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። የኔ ግን ባሰ፤ መዳቡን ተሸክሜ ወርቅ ወዳለበት አገር ሄድኩ!

ይሄ ሁሉ ቀልድ ነበር። ቀልድ ያልሆነውን የሰማሁት ማታ ወጥ ቤት ነው። የባለቤቴ ታናሽ እህት ሽንኩርት እየላጠች በሹክሹክታ፣ “ስኳሩንና ቪምቶውን ደብቂው” አለችኝ።

“ለምን?”

“እማዬ ስኳር አለባት። ሁለት ዓመቷ ነው። ኪኒን ትወስዳለች። ወንድሜ እንዳይጨነቅ ብላ እንዳትነግሩት አስምላናለች።”

ክው አልኩ። ልጅቷ ቀጠለች። ባለፈው በዓል ልጆቹ ሁሉ “ይሄን አትብይ፣ ያን አትንኪ” እያሉ እንግዳ ፊት ቢከቧቸው፣ አማቴ ሳህናቸውን ይዘው መኝታ ቤት ገቡ። ብቻቸውን በሉ። “ከማዕድ ወጣሁ” ብለው አለቀሱ አለችኝ። እኔ ደግሞ አንድ ኪሎ ስኳር ተሸክሜ መጥቼላቸዋለሁ! ያን ሌሊት እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። ሰላጣውን ብተወው፣ “ምራቴ ያመጣችውን ሳታቀርብ ቀረች” ተብሎ ምክንያቱ ይጠየቃል። ብሠራው ደግሞ እሳቸው ወይ ይበሉና ይታመማሉ፣ ወይ ትተውት ይነሱና ምሥጢራቸው ይወጣል። መፍትሔው አንድ ብቻ መሰለኝ፤ ሁላችንም የምንበላው፣ እሳቸውም ሳይፈሩ የሚበሉት ሰላጣ መሥራት።

ቅዳሜ ጠዋት ከልጅቷ ጋር ገበያ ወጣን። የፍራፍሬ ሰላጣ ሀ ሁ እዚያ ነው የገባኝ። “ምን ልሥራ?” ብሎ መነሳት ስህተት ነው። “ዛሬ ምን በስሏል?” ነው ጥያቄው። ሚያዝያ ለአርባ ምንጭ የማንጎ ወቅት ነው፤ ማንጎው ከጓሯችን አለ። ሙዝና ፓፓያ አመቱን ሙሉ አይጠፋም። ከከተማዋ በላይ ወደ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ቢወጡ ደግሞ ብርዱ አፕል ያበቅላል። የኛ ዘይቱን ግን አልደረሰም፤ ስለዚህ ተውነው።

ሻጯ ሴትዮ አናናሱን ሳነሳ፣ “እሱን አሽትተሽ ውሰጂ” አለችኝ። እውነቷን ነው። አናናስ አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ቤት ቢያስቀምጡት ጣፋጭነቱ አይጨምርም። ከሥሩ የማይሸት ከሆነ ይቅርባችሁ። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሙዝና አቮካዶ ግን ከተቆረጡም በኋላ ይበስላሉ። ጥሬ ማንጎ ከገዛችሁ ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ ከሙዙ የሚወጣው ጋዝ ያፈጥነዋል። ፍሪጅ ውስጥ ጥሬውን ከከተታችሁት ግን መብሰሉን ያቆማል፣ ጣዕሙም ይበላሻል።

ለአስር ሰው አንድ መካከለኛ ፓፓያ፣ አንድ አናናስ፣ ሁለት አቮካዶ፣ ሦስት ሙዝና ሦስት ሎሚ ገዛን። ማንጎ ከዛፉ ሁለት ብቻ ቆረጥን። “ማንጎ ሞልቶ ሁለት ብቻ?” ትሉ ይሆናል። ማንጎና በደንብ የበሰለ ሙዝ ከሌሎቹ ይልቅ ስኳር ይበዛባቸዋል። አቮካዶ ግን ስኳሩ በጣም ጥቂት ነው፣ ሆድም ይይዛል። ያኛውን ቀንሶ ይህኛውን መጨመር ነው እንግዲህ ብልሃቱ።

ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመለስንና ጾሙ ተፈታ። አማቴ አስቀድመው ለሁላችንም ተልባ ሰጡን። ሃምሳ አምስት ቀን ቅቤና ሥጋ ያልገባበት ሆድ ላይ ዶሮ በድንገት ሲወርድበት አይችለውም፤ ተልባው ያለሰልሰዋል ይላሉ። ሰላጣው ለምሳ ስለሆነ እኔ አልቸኮልኩም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

ረፋዱ ላይ ግን አንድ ጉድ ሊሠራ ነበር። ልጅቷ ፓፓያውን ልትልጥ ያነሳችው ቢላዋ ቅዳሜ ዶሮው የተገነጠለበት ነው! “ኧረ ተይ!” ብዬ ጮህኩ። እናንተዬ፣ የበዓል ወጥ ቤት አንድ ቢላዋና አንድ መክተፊያ ለሁሉም ነው። ዶሮ ወጡ ይፈላል፤ በጥሬ ዶሮ ላይ ያለው ጀርም በእሳት ይሞታል። ፍራፍሬው ግን እሳት አያየውም፤ ቢላዋው ያመጣበትን ሁሉ ይዞ ወደ አፍ ይገባል። የሽንኩርቱን ሽታ ተዉት። ለፍራፍሬ የራሱ ቢላዋና መክተፊያ ይኑረው፤ ከሌለ በሳሙና በደንብ ይታጠብ። ፍራፍሬውም ቢሆን ከመላጡ በፊት ከነልጣጩ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። አለበለዚያ ቢላዋው የልጣጩን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

አቆራረጡም ተራ አለው። መጀመሪያ አናናሱንና ፓፓያውን ከተፍን፤ የፓፓያውን ፍሬ አወጣን። ቀጥሎ ማንጎውን። አቮካዶና ሙዙን ሰው ማዕድ ሊቀርብ ሲል ከተፍንና ወዲያው ሎሚ ጨመቅንባቸው፤ ሎሚው ቶሎ እንዳይጠቁሩ ያደርጋል። ስኳር የለ፣ ቪምቶ የለ፣ ከቆርቆሮ የወጣ ሽሮፕ የለ። አናናሱና ማንጎው የሚያወጡት ጭማቂ ራሱ ይበቃዋል። እንደ አርባ ምንጭ ባለ ሙቀት ደግሞ ተከትፎ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም። የተረፈው ፍሪጅ ይገባል፣ በቀኑም ይበላል።

አቀራረቡ ነበር ያስጨነቀኝ። ለአማቴ ብቻ ትንሽ ባቀርብ ይታወቃል። ስለዚህ ለሁሉም፣ ለባለቤቴም ለልጆቹም፣ እኩል እኩል በትንንሽ ጎድጓዳ ሳህን፣ አንድ አንድ እፍኝ ያህል አደረግኩ። ስኳር ላለበት ሰው ፍራፍሬ ክልክል አይደለም፤ መጠኑ ነው ዋናው። ጭማቂ ከመጠጣትም ፍሬውን እያኘኩ መብላት ይሻላል፤ ቃጫው ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል። ፍሬው ሲጨመር ደግሞ ከእንጀራው መቀነስ ነው። ልጅቷ እንደነገረችኝ ሐኪሙም ይህንኑ ነበር የመከራቸው። የእያንዳንዱ ሰው ሁኔታ ይለያያልና እናንተም የራሳችሁን ሐኪም ሳትጠይቁ የኔን ወሬ ይዛችሁ እንዳትነሱ፤ በተለይ መርፌ የሚወስዱ።

ሳህኑን ሳቀርብላቸው አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። ቀመስ አደረጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ስኳር የለበትም?” አሉኝ።

“የለበትም እማማ። የማንም የለበትም።”

ዞር ብለው የሁሉንም ሳህን አዩ። ገባቸው። ምንም አልተናገሩም፤ ብቻ እጄን ያዝ አድርገው ለቀቁኝ። ከዚያ እዚያው ከሰው መሃል ተቀምጠው እየሳቁ፣ እየተጫወቱ ጨረሱት።

ከምሳ በኋላ እንደ ሌላው ጊዜ መኝታ ቤት አልገቡም። “ኑ፣ ትንሽ እንንቀሳቀስ” አሉና በባጃጅ ወደ ላይኛው ከተማ፣ ወደ ሼቻ ወጣን። ከባጃጁ ወርደን ሐይቆቹ እስከሚታዩበት ድረስ ዘና እያልን በእግር ሄድን። ከምግብ በኋላ እንዲህ መራመድ ለስኳር ሕመምተኛ ደግ ነው። ከታች አባያ በቀይ፣ ጫሞ በሰማያዊ ተዘርግተዋል። በመካከላቸው ያንን ኮረብታማ መሬት፣ የእግዜር ድልድይ የሚሉትን፣ ሳይ ዝም አልኩ። ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን እየኖሩ መልካቸው ለየቅል ነው።

አማቴ ልጃቸውን በእጃቸው ደገፍ ብለው፣ “አንድ ነገር ልነግርህ ነው፣ እንዳትደነግጥ” ሲሉት እኔና ልጅቷ ወደ ኋላ ቀረት አልን። የተባባሉትን አልሰማሁም። ባለቤቴ ጥቂት ጎንበስ ብሎ ቆየና የእናቱን ጭንቅላት ሳመ። ሁለት ዓመት የተደበቀ ነገር እዚያ አለቀ።

ውድ አንባቢያን፣ በየቤታችን ስኳር ያለበት ሰው አለ። በበዓል ቀን “አትብላ! አትብይ!” ብለን ከማዕድ ከምናስነሳው፣ ማዕዱን እሱ የሚችለው አድርገን ብንሠራው ምን ይጎድልብናል? ያን ዕለት እኛ ከስኳር በቀር የጎደለን ነገር አልነበረም። እሱንም ቢሆን ልጆቹ እንኳ አልጠየቁም!

ቆርቆሮዎቹስ? ይዣቸው ተመለስኩ። አማቴ ግን ባዶ እጅ አልሸኙኝም፤ አንድ ካርቶን ማንጎ አሸክመው፣ “ቆርቆሮ ከመክፈት ይሄ ይቀላል” ብለው ስቀውብኛል።