ስምዎ ማን ይባላል? ጉዞ ወደ ካራቆሬ

ቤትዎ ልጅ እየተጠበቀ ነው? እንኳን ደስ ያለዎት። ስልክዎ ላይ ሶልያናን ከኤልዳና፣ ናሆምን ከናታን፣ ሲፈንን ከኬና እያማረጡ ከሰነበቱ ግን ለሁለት ቀን ስልኩን ያስቀምጡትና የደሴን መንገድ ይያዙ። የምንሄደው ካራቆሬ ነው። በጅማ መንገድ ከአየር ጤና ወዲያ ያለውን የአዲስ አበባውን ሰፈር ማለቴ አይደለም፤ የይፋቱን ካራቆሬ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ያስፈልግዎታል። ጣርማ በር ሲደርሱ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በሠሩት ዋሻ ያልፉና በጉም መሃል ቁልቁል ይወርዳሉ። ደብረ ሲና ቆሎ ይገዛሉ፤ ሳይገዙ ማለፍ ነውር ነው ባይ ነኝ። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ይቀበልዎታል፤ ጋቢው ተጠቅልሎ ከመቀመጫ ሥር ይገባል። ጉዞዎን እሁድ ካደረጉት ሰንበቴ ላይ ቆም ይበሉ። ገበያው አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚገናኙበት ነው። ዕቃ መግዛቱ ይቆይዎትና ሰው ሰውን ሲጠራ ያዳምጡ፤ እንድሪስ! ጫልቱ! ደምሴ! ፋጡማ! ቀጥሎ የምትመጣው አጣዬ ራሷ ባለ ሁለት ስም ናት፤ ኤፌሶንም ትባላለች።

ካራቆሬ ከአዲስ አበባ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የደሴ መንገደኛ በመስኮት አይቷት የሚያልፍ ትንሽ ከተማ ናት። የመሬት መንቀጥቀጥ አጥኚዎች ግን ስሟን በደንብ ያውቁታል። በ1953 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ላይ አካባቢውን የመታው ከባድ መንቀጥቀጥ የሚጠራው በእሷ ስም ነው፤ ያኔ ጎረቤቷ ማጀቴ ክፉኛ ፈርሳለች። እርስዎ የመጡት ለሰው ስም ነውና ጀበና ከተጣደበት አጠገብ ይቀመጡ።

ቡናው እስኪደርስ አጠገብዎ ላሉት አዛውንት ሰላምታ ይስጡና ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው ይጠይቋቸው። በይፋትና በወሎ አህመድ ተሰማ፣ ተስፋዬ እንድሪስ የሚል ዓይነት ስም መስማት ብርቅ አይደለም። ልጁ ሙስሊም፣ አባቱ ክርስቲያን፣ አያቱ ደግሞ መልሶ ሙስሊም ሊሆን ይችላል። ይመር የሚባል ሰው ሲጠሩልዎት ደግሞ መስጊድ ይሂድ ቤተ ክርስቲያን በስሙ ብቻ መለየት ይቸግርዎታል። ሌላ አገር ለዚህ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ይጻፍለታል። እዚህ የሦስት ትውልድ ታሪክ በአንድ ትንፋሽ ይጠራል።

ታሪኩ ሁሉ በፍቅር የተሠራ ነበር ብዬ ግን አላሞኝዎትም። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የወሎን ሙስሊም መሳፍንት እንዲጠመቁ ሲያዝዙ፣ ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተባሉ። ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው፣ የልጅ ኢያሱ አባት፣ እሳቸው ናቸው። ስም በአዋጅ የተለወጠበት ዘመን ነበር። ቤተሰቡ ግን የቀድሞውን ስም አልጣለውም፤ የአባት ስም ሆኖ፣ የአያት ስም ሆኖ ቀጠለ። ለእኔ የዚህ አገር ትልቁ ሀብት ይሄ ነው፤ እናም በየቀኑ በትንሹ እየተሸራረፈ ነው።

ልጅ ሲወለድ በሁለቱም ቤት እልልታ አለ፤ ገንፎም አለ፣ መሃሉ በቅቤና በበርበሬ የተሞላ። በሙስሊሙ ቤት አዛን ለሕፃኑ ጆሮ ይሰማል፤ በሰባተኛው ቀን አቂቃ ይደረጋል፣ ፀጉሩ ይላጫል፣ ለወንድ ሁለት ለሴት አንድ በግ ይታረዳል፣ ስሙም ይወጣል። በክርስቲያኑ ቤት ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ያን ዕለት ቄሱ የሚሰጧቸው ገብረ ማርያም ወይም ወለተ ሥላሴ የሚል ዓይነት ስም ሌላ ነው፤ ለጸሎት፣ ለቁርባን፣ በመጨረሻም ለፍትሐት የሚጠሩበት ነው። ሰፈር የሚያውቀውን ስም አያት ወይም አባት ቀድመው አውጥተውታል። ጎረቤት ከሁለቱም ወገን ይጠራራል። ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፤ ገንፎው የጋራ ነው።

አያት የምታወጣው ስም ደግሞ ያለ ምክንያት አይመጣም። ከሞት በኋላ የተወለደ ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ ይባላል። ልጅ አልበረክት ያላት እናት ቢያድግልኝ፣ ኑርልኝ ትላለች፤ ስሙ ራሱ ልመና ነው፣ በተጠራ ቁጥር ይደገማል። አፄ ቴዎድሮስም አፄ ዮሐንስም ዘውድ ከመጫናቸው በፊት ሁለቱም ካሳ ነበሩ። እስቲ የራስዎን እናት «ስሜን ያን ጊዜ ለምን መረጣችሁት?» ብለው ይጠይቋቸው፤ እስከ ዛሬ ያልተነገረዎት የቤት ምስጢር ሊወጣ ይችላል።

በዚህ ላይ የዳቦ ስም አለ። በቀድሞው ልማድ ሙሽራ አማቶቿ ቤት ስትገባ ዳቦ ተቆርሶ አዲስ ስም ይወጣላት ነበር። ከወለደች በኋላ ደግሞ የእገሌ እናት ትባላለች። አንዲት ሴት በዕድሜዋ አራት ስም ትይዛለች ማለት ነው፤ የትኛው የእሷ እንደሆነ ግን ጠይቋት የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ከዚህ ሁሉ የምወደውን ልንገርዎት። ደስታ በኦሮምኛ ገመቹ ነው፣ በዐረብኛ ሱሩር። በአንድ መንገድ ዳር ሦስት ሕፃናት በአንድ ስም በሦስት ቋንቋ ሊጠሩ ይችላሉ፤ ወላጆቻቸው የተመኙት ግን አንድ ነገር ነው።

የአባትን ስም ማስከተላችን ደግሞ ብቻችንን አላደረገንም። አይስላንዳውያንም አብዛኞቹ እንደ እኛ በአባታቸው ይጠራሉ፤ የስልክ ማውጫቸው እንኳ በመጀመሪያ ስም ነበር የሚደረደረው። ጋና ውስጥ አካኖች ለልጁ የተወለደበትን ቀን ስም ይሰጡታል፤ ኮፊ አናን «ኮፊ» የተባሉት አርብ ስለተወለዱ ነው። አሜሪካ ያለችው እህትዎ ችግሩን ታውቀዋለች። አየር ማረፊያ ላይ የእሷና የልጇ የመጨረሻ ስም ለምን ተለያየ ተብላ ትጠየቃለች። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ መጠሪያ ስም አለው ብሎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ሳይሰማው አለፈ።

አሁን የሚከብደውን ላንሳ። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬ፣ በካራቆሬና በአካባቢው ከተሞች ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ስምህ ማን ነው?» የሰላምታ ጥያቄ መሆኑ ይቀራል። የሰው ስም መታወቂያው፣ መታወቂያው ደግሞ ፍርዱ ሊሆን ይችላል። አባቱ እንድሪስ የሆነ ተስፋዬ በየትኛው ይመዘናል? ስለዚህ የየትኛው ወገን እንደሆነ የማይናገር፣ ሰላም ወይም ፍቅር የሚል ስም የሚመርጥ ወላጅ ሲያጋጥመኝ አልፈርድበትም። ልጁን ከአደጋ እየሸሸገ ነው። የሚከፋኝ ሌላው ነው፤ የራሱን ወገን ብቻ የሚያውጅ ስም ፈልጎ፣ በሰነድ ላይ የአያቱን ስም ለማስቀየር የሚሯሯጠው። ያቺ ሦስተኛ ቃል ስትሰረዝ የሚጠፋው አያት እዚህ ቡና አጠገብ ተቀምጦ ለሁለቱም ወገን ሲመርቅ የኖረ ሰው ሊሆን ይችላል።

ቀሪው የወረቀት ጉዳይ ነው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ ልጅዎን በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ይጠበቅብዎታል። የልጅ፣ የአባትና የአያት ስም ይሞላል፤ አንዴ ከተጻፈ በኋላ መለወጥ ፍርድ ቤት ያስኬዳል። 90 ቀን ደግሞ ወደ ካራቆሬ፣ ወይም እርስዎ ወደ መጡበት አገር፣ ደርሶ ለመመለስ ከበቂ በላይ ነው። አያት በሕይወት ካሉ ሕፃኑን ይዘው ይሂዱ፤ ካልቻሉም ይደውሉ። ያሰቡትን ስም አስቀድመው አይናገሩ። ቡናው ይፈላ፣ አቦሉ ይጠጣ፣ ቶናው ይጠጣ፤ በረካው ላይ ሲደርሱ «ማን እንበለው?» ብለው ይጠይቁ፣ እስክሪብቶም በእጅዎ ይኑር።