ጥይቱ ለምን ባረቀ?

ባለፈው ሴሚስተር ለዜና አጻጻፍ ኮርስ አጭር የአደጋ ዜና ጽፋችሁ ኑ ተባልን። ሁላችንም ከየሰፈራችን የምናውቀውን ይዘን መጣን። አንዱ የመኪና መገልበጥ፣ አንዷ የቤት ቃጠሎ … እኔ የማጂ ልጅ ነኝና የእኔ ዜና የጥይት ነበር። «በሠርግ ላይ በድንገት በባረቀ ጥይት የአንድ ወጣት እግር ቆሰለ» ብዬ ጀመርኩ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ መምህራችን «በባረቀ» የምትለዋን ቃል በቀይ እስክሪብቶ ከበው አጠገቧ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጽፈዋል፦ «ለምን?»

ውድ አንባቢያን፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ለጥያቄው መልስ ነበረኝ። ዜናው ላይ ያልጻፍኩት ስላላወቅሁ ሳይሆን ስላፈርኩ ነው። የቆሰለው ወጣት ታላቅ ወንድሜ ነው። ሽጉጡ የአያቴ ነው። ታጥቆት የነበረው አጎቴ ነው። እኔስ? ወደ እኔ እመጣለሁ።

ማጂን ለማታውቋት፣ ከሚዛን በስተደቡብ፣ ደጋው ላይ ጉም ለብሳ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በምዕራብ ኦሞ ዞን ውስጥ ትገኛለች። ትንሽነቷን አይታችሁ ግን አትናቋት! በ1890 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ወደ ሩዶልፍ (ቱርካና) ሐይቅ ከዘመተ በኋላ በነበሩት ዓመታት ማጂ የጦር ሰፈር፣ የዝሆን ጥርስ ገበያ፣ (ቢመርም መነገር አለበት) የባሪያ ንግድ ቦታም ሆነች። እንግሊዝ እንኳ እዚያ ቆንስላ ነበራት። ሦስቱን ያስተሳሰረው ደግሞ ነፍጥ ነው። በዝሆን ጥርስ ጠመንጃ ይገዛል፣ በጠመንጃው ዝሆንም ሰውም ይታደናል፣ ያ ተሽጦ ደግሞ ሌላ ጠመንጃ ይገዛል። የሽማግሌዎቻችን ጨዋታ እስካሁን ድረስ የመሣሪያ ስም አይጠፋበትም፦ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር … በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት ጋር ተያይዞ ክላሽ ጎረፈ። አሮጌዎቹ ወደ ግድግዳና ወደ ሣጥን ገቡ።

የአያቴ ሽጉጥም የሣጥን ነበር። ቤሬታ ነው፣ ሞዴል 1934። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ የአያቴ አባት እጅ ገባ ይባላል። ከጎኑ 1937 የሚል የፈረንጅ ዓመት፣ ቀጥሎም በሮማ ቁጥር 15 ተቀርጾበታል። ልጅ ሆኜ ሁለተኛው ቁጥር ምን እንደሆነ የሚነግረኝ አልነበረም። በኋላ ነው የገባኝ። ፋሺስቶች ሮም ከገቡበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምረው የቆጠሩት የራሳቸው ዘመን 15ኛ ዓመት ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር 1929 ግድም መሆኑ ነው፤ የካቲት 12 የፈሰሰው ደም ያለበት ዓመት! ያ ሁሉ ታሪክ ያለበት ዕቃ ቤታችን ውስጥ የሚታወቀው ግን «እንደ መስታወት ያበራል» በሚለው ብቻ ነበር።

ማብራቱ የማን ሥራ እንደሆነ ገመታችሁ? ለመስቀልና ለገና አያቴ ከሣጥን ያወጡታል፣ እኔ በጡብ ዱቄትና በጨርቅ እወለውላለሁ፣ መጨረሻ ላይ ቅቤ ይቀባና ተመልሶ ይገባል። ለሴት ልጅ ሽጉጥ አይሰጥም፤ መወልወል ግን ይሰጣል። እኔም ኮራሁበት።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ አጎቴ «ውስጡም ይጽዳ» ብሎ ተነሣ። ካስማዎቹን በሚስማር እየመታ አወለቀና ክፍሎቹን ሰፌድ ላይ ዘረጋቸው። የሆነ ሰው ጠራውና ወጣ። እኔ ሰፌዱን ሳይ ብረቶቹ ጥቁር ናቸው። ውጪው እንደ ብር እያበራ ውስጡ እንዴት ይጠቁራል? የአናጺ ብርጭቆ ወረቀት አመጣሁና አንድ በአንድ ፈተግኋቸው። ነጭ ሆኑ። አጎቴ ተመልሶ ሲያይ ሳቀና ገጣጠመው። ምላጩን በባዶው ሳብ አድርጎ «እንዴት ለሰለሰ ባካችሁ! ይቺ ልጅ እኮ ባለሙያ ናት» አለ። እኔ ከደስታዬ ብዛት ያን ቀን እራት አልበላሁም።

ከሦስት ዓመት በኋላ በጥር ወር የአክስቴ ልጅ ሠርግ ሆነ። አጎቴ ሽጉጡን ታጥቆ መጣ። ወደ ሰማይ ሊተኩስ አቀባብሎ ነበር፣ ሽማግሌዎች «ተው» ሲሉት መቆለፊያውን አዞረና ወገቡ ላይ ሻጠው። ዳሱ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ሲል የወንበሩ ጠርዝ ወገቡን ነካው። ጷ! ወንድሜ እግሩ ሥር ደረቅ ሣር ላይ ተቀምጦ ነበር። ጥይቱ የግራ እግሩን መዳፍ በስቶ ወጣ።

ያን ሌሊት በጭነት መኪና፣ በዚያ መንገድ ወደ ሚዛን እንዴት እንደሄዱ እግዜር ነው የሚያውቀው። ወንድሜ ዳነ፤ ኳስ ግን ከዚያ ወዲህ የለም። አጎቴ «ምላጩን አልነካሁም፣ ቆልፌዋለሁ» እያለ ቢምልም የሰማው የለም። ግማሹ «ጠጥቶ ነው» አለ፣ ግማሹ «ሰይጣን ነው የተኮሰው» አለ። ፖሊስ ዘንድ የተሰጠው ቃልም ያው «በድንገት ባረቀ» የሚል ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሽጉጡን የሚነካ ጠፋ። አያቴ ለፖሊስ ከማስረከባቸው በፊት ጥይቱን የሚያወጣላቸው ሰው ፈለጉና በቀድሞው ሠራዊት የመሣሪያ ጥገና ይሠሩ የነበሩ አንድ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ጎረቤታችንን አስጠሩ። እኔ ቡና አፈላ ነበር። ሃምሳ አለቃው በመጀመሪያ እጃቸውን ሳያሳርፉ ዙሪያውን አዩት። «ጋሼ፣ ልጅዎ አልዋሸም። መቆለፊያው እንደተቆለፈ ነው» አሉ። የጥይት ካዝናውን አወጡ፣ በርሜሉ ባዶ መሆኑን አረጋገጡ፣ ፈቱት። ከዚያ መዶሻውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት።

እዚህ ላይ ነገሩን እንደገባኝ ላስረዳ። ሽጉጥ ሲቀባበል መዶሻው ወደ ኋላ ሄዶ ይቆማል፤ ከበስተኋላው ሞላ እየገፋው ማለት ነው። እንዳይሄድ የሚይዘው መዶሻው ላይ የተቆረጠች ትንሽ ጥርስና ጥርሷን የሚነክስ አንድ መያዣ ብረት ናቸው። የሚነካኩበት ቦታ ከጥፍር ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ምላጭ ሲሳብ መያዣው ይለቃል፣ መዶሻው መርፌዋን ይመታል፣ መርፌዋ የጥይቱን ቂጥ ትወጋለች። በቃ ይኸው ነው። የሰው ሕይወት ያቺ ጠርዝ ላይ ነው ያለው።

ያቺ ጠርዝ ስለታም መሆን አለባት። የእኛዋ ግን የተላሰ ከረሜላ መስላለች። ሃምሳ አለቃው እንዳሉት የእንዲህ ዓይነት ክፍሎች ላያቸው በእሳት ይጠነክራል፤ ጠንካራው ቆዳ ግን ስስ ነው። እሱ ከተፋቀ ከሥር ያለው ብረት ለስላሳ ነውና በየጊዜው እያለቀ ይሄዳል። ጥቁረቱም ቆሻሻ አይደለም። ፋብሪካው ሆን ብሎ ብረቱን ያስያዘው ስስ ሽፋን ነው። ቀዩ ዝገት ብረት ይበላል፤ ጥቁሩ ግን ዘይት ይዞ ቀዩን ይከላከላል። እኛ ጥቁሩን አጥፍተን ለቀዩ በር ከፈትን። በዚያ ላይ የማጂ ጉምና ዝናብ! ቅቤውም ቢሆን ሲቆይ ይቆመጥጣል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ሞላው ሥር ተጋግሮ ይቀራል። የድሮ ጥይት ደግሞ ሲተኮስ ጨው ትቶ ያልፋል። ጨው እርጥበት ይስባል፤ የድሮ ወታደሮች በርሜል በሙቅ ውሃ የሚያጥቡት ለዚህ ነበር። ክላሽ የለመደ ሰው ይሄን ሁሉ ይረሳል፣ የክላሽ በርሜል ውስጡ ክሮም ስለሆነ ይታገሣላ! ክሮሙ ግን በርሜሉ ላይ እንጂ ጥርሷ ላይ አይደለም።

«መቆለፊያውስ? ቆልፎት ከነበረ እንዴት ተኮሰ?» አሉ አያቴ። ሃምሳ አለቃው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የዚህ ሽጉጥ መቆለፊያ የሚይዘው ምላጩን ነው፤ መዶሻውን አይዝም። ጥርሱ ካዳለጠ ቁልፉ ምን ያደርጋል?» በዚያው ዘመን እንደተሠራው ዋልተር ፒ38 ያሉት ምላጭ ካልተሳበ መርፌዋን የሚያግድ ሌላ ክፍል አላቸው። ይኼኛው የለውም። አጎቴ በሩን ቆልፌያለሁ ብሎ ተማመነ፤ የበሰበሰው ግን ግድግዳው ነበር።

ቀጥለው ሃምሳ አለቃው የጠየቁት ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «ዘመን የበላው አንድ ነገር ነው። ይሄን በብርጭቆ ወረቀት የፈተገው ግን ማነው?» ብረቱ ላይ ጭረቱ ይታያል። ምላጭ ሲለሰልስ ሰው ደስ ይለዋል፣ መለስለሱ ግን ጥርሱ ማለቁ ነው አሉ። አያቴ «ያው ይሄ ልጅ ይሆናል እንጂ ሌላ ማን ይነካዋል» ብለው ስለ አጎቴ ተናገሩ። እኔ ጀበናውን ይዤ ቆሜያለሁ። አልተናገርኩም። ቡናውን ቀዳሁ።

ማታ አያቴ አጎቴን ሲጠይቁት እኔ ጓዳ ነበርኩ። ትንሽ ዝም አለና «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ። ያወቀ ሰው ነው እኮ! ያን ቀን «ባለሙያ ናት» ብሎ ያሞገሰኝ እሱ ነው። ሽጉጡ ለፖሊስ ተሰጠ፣ ወደ ቤታችንም አልተመለሰም። ሽማግሌ ገባ፣ አጎቴ ለወንድሜ ማሳከሚያ ከፈለ፣ ከዚያም ቴፒ ቡና ላይ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ለበዓል እንኳ አይመጣም።

እንግዲህ «ለምን?» የምትለዋ ቀይ ጽሑፍ ይህን ሁሉ ነው ያመጣችብኝ። «ባረቀ» የሚለውን ግሥ እዩት። ባለቤቱ ጥይቱ ራሱ ነው። ሰው የለበትም፣ እጅ የለበትም፣ ምክንያት የለበትም። ልክ እንደ መብረቅ ከሰማይ የወረደ ያስመስለዋል። ቋንቋችን ለሁላችንም መደበቂያ አዘጋጅቶልናል፤ ለታጠቀው፣ ለወለወለው፣ ዝም ላለውም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ (ቁጥር 1177/2012) ከወጣ ወዲህ ስለ ፈቃድና ስለ ምዝገባ ብዙ እንሰማለን፣ መልካም ነው። ሣጥን ውስጥ ስለሚያልቀው ጥርስ ግን የሚያወራ ብዙም አልሰማሁም። ጋዜጠኛውም «ባረቀ» ብሎ ነጥብ ካደረገ አንባቢው የሚማረው ነገር የለም። በሚቀጥለው ጥር ሌላ ዳስ፣ ሌላ አግዳሚ፣ ሌላ እግር …

ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት ቴፒ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ልጽፈው ነው» አልኩት። ሳቀ። «አንቺ ልጅ እኮ ነበርሽ። ፈትቼ ሰፌድ ላይ ጥዬልሽ የሄድኩት እኔ፣ አቀባብዬ ሠርግ የገባሁት እኔ። ምኑን ትጽፊዋለሽ?» አለኝ። «ጠጥቶ ነው ያሉህን እንዲተውት» አልኩት። ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለና «በይ ጻፊው፤ ስሜን ብቻ እንዳትጽፊ» አለኝ። ለአያቴም ነገርኳቸው። ብዙ አልተናገሩም፣ «ወንድምሽ ያውቃል?» ብቻ ነው ያሉት። ያውቃል፤ ከሁሉ በፊት የነገርኩት ለእሱ ነው። «ኳሱን ልትመልሺልኝ ነው?» ብሎ ቀለደብኝ። ቀልዱ ግን አላሳቀኝም።

ዜናውን ደግሜ ጻፍኩት። እንዲህ ይላል፦ «ከ80 ዓመት በላይ ያገለገለና የውስጥ ክፍሎቹ ያለ ባለሙያ ተፈትገው የሳሱ ሽጉጥ፣ ተቀባብሎ በወገብ ላይ እንዳለ በመተኮሱ የአንድ ወጣት እግር ቆሰለ። ሽጉጡን የወለወለችው የዚህ ዜና ጸሐፊ ናት።» መምህራችን የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በዜና ሕግ አይፈቀድም ብለው ሊሰርዙት ይችላሉ። ስለዚህ እዚህ ቡለቲን ላይ አስቀመጥኩት።

ቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የሚያበራ ነገር ካለ አትወልውሉት። ለሚያውቅ ሰው አሳዩት።

ቸር ይግጠመን!