ክሊኒኩ ከደጃችን፣ ሕክምናው ከአቅማችን በላይ

እስኪ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በቤታችሁ የወር ወጪ ዝርዝር ላይ «ጥርስ» የሚል ቃል ጽፋችሁ ታውቃላችሁ? የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ጤፍ፣ ዘይት፣ መብራትና ውኃ፣ ትራንስፖርት፣ አሥራት፣ እድር፤ ሁሉም ስም አላቸው። ጥርስ ግን የሚታወሰው ሌሊት ከእንቅልፋችን ያስነሣን ቀን ነው። በመጋቢ ሚስትነቴ ብዙ ቤት እገባለሁ፤ ባልና ሚስት በገንዘብ ሲጋጩም ለማስታረቅ ተቀምጫለሁ። ለጥርስ ብሎ ገንዘብ ያስቀመጠ ቤት ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

የምንኖረው ጉለሌ ነው። በሽሮ ሜዳም ሆነ በአዲሱ ገበያ በኩል ስታልፉ ነጭ ጥርስ የተሣለበት የክሊኒክ ማስታወቂያ ማየት ብርቅ አይደለም። በሴቶች ኅብረታችን ውስጥም ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን እናት ማየት ብርቅ አይደለም። ክሊኒኩ ከደጇ ነው፤ ሕክምናው ግን ከአቅሟ በላይ ነው። ለምን ይሆን? «ሐኪሞቹ ገንዘብ ወዳድ ስለሆኑ ነው» የሚለውን መልስ ደጋግሜ እሰማለሁ። እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋ ይሆናል። ነገሩን ቀረብ ብለን ስናየው ግን ምክንያቱ ከዚህ ይሰፋል።

መጀመሪያ ባለሙያው ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በአፍሪካ ለ10 ሺህ ሰው የሚደርሰው የጥርስ ሐኪም 0.33 ነው። በቀላሉ ስናሰላው አንድ ሐኪም ለ30 ሺህ ሰው ማለት ነው። በዓለም አማካይ ግን አንድ ሐኪም ለ3 ሺህ ሰው ገደማ ይደርሳል። በአገራችን አዲስ አበባ፣ ጅማና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የጥርስ ሐኪሞችን ያሠለጥናሉ፤ ሆኖም ከሕዝባችን ብዛት ጋር ሲነጻጸር ተመራቂዎቹ ጥቂት ናቸው።

ሁለተኛው ምክንያት ዕቃው ነው። የጥርስ ሐኪም እንደ ሌላው ሐኪም በማዳመጫና በማዘዣ ወረቀት ብቻ ሥራ መጀመር አይችልም። ወንበሩ፣ መቦርቦሪያው፣ ራጁ፣ መሣሪያውን በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን፣ ማደንዘዣው፣ የሚሞላበት ቁስ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ወንበሩ ላይ ስንቀመጥ ይህንን ሁሉ ተሸክመን ነው የምንቀመጠው። በዚህ ላይ የዋና መንገድ የቤት ኪራይና መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጀነሬተር አለ።

ሦስተኛው ምክንያት ከጎናችን ቆሞ የሚከፍልልን አለመኖሩ ነው። በ2003 ዓ.ም. በጥቂት ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለብዙ ድሃ ቤተሰብ ባለውለታ ሆኗል። ይሁን እንጂ የሚሠራው በዋናነት በመንግሥት ጤና ተቋማት ነው፤ ሰው ሠራሽ ጥርስም ከማይሸፍናቸው ነገሮች መካከል ነው። በመንግሥት ተቋም ዋጋው ይረክሳል፤ ወረፋው ግን ይረዝማል፣ የሚሞላበት ቁስ ያልቃል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚቀረው መንቀል ብቻ ይሆናል።

እነዚህን ሦስቱን እኔና እናንተ በአንድ ቀን ልንለውጣቸው አንችልም። አራተኛው ግን በእጃችን ነው። እርሱም የምንሄድበት ጊዜ ነው።

አንዲት የሽሮ ሜዳ እኅታችንን ወደ አንድ ክሊኒክ ይዣት ሄጄ ነበር። ባለቤቷ ሸማኔ ነው። ጉንጯ አብጧል፤ ለወራት በቅርንፉድና ከፋርማሲ በሚገዛ የሕመም ማስታገሻ ስታሳልፈው ቆይታለች። ሐኪሙ ራጁን አሳይቶን፣ ጥርሱን ለማዳን ነርቩ መታከምና ከላይ ሽፋን መደረግ እንዳለበት ነገረን። ዋጋው የአንድ ወር ገቢያቸውን ያህል ነበር። «ገና ትንሽ ቀዳዳ ሳለ ቢመጡ ኖሮ በአንድ ሙሌት ያልቅ ነበር» አላት። እርሷም ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «ለመንቀልስ ስንት ነው?» ስትል ጠየቀችው። በዚያው ቀን ተነቀለ። ሰውየው አላታለላትም፤ እርሷም ሞኝ አልነበረችም። የልጆቿን የትምህርት ቤት ክፍያ አስልታ ነው የመለሰችው።

አያችሁ፣ የጥርስ ሕክምና ዋጋ አንድ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ያለው ቀዳዳ በርካሽ ይሞላል። ነርቭ ላይ ሲደርስ ዋጋው በብዙ እጥፍ ያድጋል፤ ምልልሱም ይበዛል። ከዚያም ሲያልፍ ይነቀላል። መንቀል ርካሽ ይመስላል እንጂ ሒሳቡ በዚያ አይዘጋም። ጎረቤት ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ፤ ትይዩ ያለውም ከቦታው ይወጣል፤ ማኘክ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ስንፈልግ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ዋጋ ይጠብቀናል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ የተጀመረ አንድ ዘዴ አለ። የተበላሸውን የጥርስ ክፍል ያለ መቦርቦሪያ፣ ያለ ኤሌክትሪክ፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ ግላስ አዮኖመር በሚባል ቁስ መሙላት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን ቁስና ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ስለዚህ ለድሃ የሚሆን ሕክምና አለ። ግን ልብ በሉ፤ ይህም የሚሠራው ነርቭ ላይ ላልደረሰ ቀዳዳ ነው። ለዘገየ ሰው ርካሽ መንገድ የለም።

ታዲያ በቤታችን የሚዘገየው ማን ነው? ባሎች ሆይ፣ በፍቅር ልንገራችሁ። ልጅ ካመመው እንሮጣለን። አባት ካመመው ሥራ እንዳይቀር ይታከማል። እናት ግን «ይሻለኛል» ትላለች። በአንዱ ወገን እያኘከች ዓመት ታሳልፋለች። «ይሻለኛል» ስትላችሁ አትመኗት። በተለይ ነፍሰ ጡር ስትሆን ድዷ ቶሎ ይደማል፤ በእርግዝና ወቅት የጥርስ ሕክምና ክልክል ነው የሚለው አባባልም እውነት አይደለም። ማርገዟን ለሐኪሙ ትንገረው እንጂ ከመታከም አትቅር። ከመካከላችሁ ስኳር ሕመም ያለበት ካለም ድዱን ችላ አይበል፤ የታመመ ድድ ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል።

እኔና ባለቤቴ ከተስማማንባቸው ነገሮች ጥቂቱን ላካፍላችሁ። በየወሩ ትንሽ ገንዘብ በፖስታ ለይተን እናስቀምጣለን፤ ፖስታው ላይ «ጥርስ» ብለን ጽፈናል። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ፣ የታመመ ሳይኖር፣ ልጆቹንም ራሳችንንም እናስመረምራለን። መፋቂያችንን አልተውንም፤ በደንብ ለያዘው ሰው ያጸዳል። ማታ ከመኝታ በፊት ግን ፍሎራይድ ባለበት ሳሙና መቦረሽ የቤታችን ሕግ ነው። ክሊኒክ ስንሄድም ሳናፍር እንጠይቃለን፦ ዋጋው ስንት ነው? ስንት ጊዜ እንመላለሳለን? በሁለትና በሦስት ጊዜ መክፈል ይቻላል?

አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ። ጉንጭ ወይም አንገት ካበጠ፣ አፍ አልከፈት ወይም ምራቅ መዋጥ አልቻል ካለ፣ ትኩሳትም ከተጨመረ ስለ ገንዘብ አታስቡ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ከጥርስ የተነሣ ኢንፌክሽን አንገት ውስጥ ገብቶ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። ከፋርማሲ በራሳችን የምንገዛው አሞክሲሲሊንም የተበላሸውን ጥርስ አያድንም።

እድሮቻችን ቀባሪ በማጣት እንዳንዋረድ አሰባሰቡን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሴቶች ኅብረቶቻችንም ዕቁብ ለመጣል ሰነፎች አይደሉም። ለድስትና ለመጋረጃ የሚጣለው ዕቁብ አንድ ዙር እንኳ ለጥርስ ቢጣል፣ ዕጣው የሚወጣላት እኅት ቀዳዳው ትንሽ ሳለ ትደርሳለች። በሚቀጥለው ስትሰበሰቡ ይህን አሳብ አንሡት። እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ አምፖሉ ሥር ቁሙና የትዳር ጓደኛችሁን «እስኪ አፍሽን ክፈቺ»፣ «እስኪ አፍህን ክፈት» በሉ። ጥቁር ነጥብ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፤ በርካሽ የሚታከምበት ጊዜ ገና አላለፈ ይሆናል።