ለሞቱት አልቅሼ በሕይወት ያሉትን ሳልሰማ

ለንደን ውስጥ ለሐበሻው ማኅበረሰብ በሚተላለፍ የሬዲዮ ዝግጅት ላይ ለዓመታት ስለ ሙዚቃ አወራ ነበር። ከአገሬ ዘፈን ቀጥሎ አጥብቄ የምወደው የብሪታንያን ፎክ ነው። ታሪክ የሚተርክ፣ አንዳንዴም ያለ ምንም መሣሪያ በድምፅ ብቻ የሚዘፈን፣ አድማጩ አዝማቹን አብሮ የሚቀበለው የሕዝብ ዘፈን ነው። ስለዚህ ዘፈን ግን ደጋግሜ ስሕተት ተናግሬአለሁ። "ከሳንዲ ዴኒ ወዲህ የሚሰማ ሰው አልወጣም" እል ነበር። የፎክ ዘፋኟ ሳንዲ ዴኒ የሞተችው በፈረንጆቹ 1978፣ በ31 ዓመቷ ነው። እንዲህ የምለው ከእሷ በኋላ የመጡትን ሰምቼና መዝኜ ቢሆን ኖሮ የአስተያየት ጉዳይ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። እኔ ግን አልሰማኋቸውም። ሳልሰማ ነው የፈረድኩባቸው።

የቀድሞዎቹን በደንብ አውቃቸው ነበር። ፌርፖርት ኮንቬንሽን የሚባለው ቡድን በ1969 ያወጣውን ሸክላ፣ የማርቲን ካርቲን የጊታር አመታት፣ የአን ብሪግስን ድምፅ ከልቤ እወዳለሁ፤ ዛሬም እንደዚያው ነኝ። ከሁሉ በላይ ግን የኒክ ድሬክን ታሪክ መተረክ ይቀናኝ ነበር። ከ1969 እስከ 1972 ሦስት አልበም አወጣ፤ ገዢ አጣ፤ በ1974 በ26 ዓመቱ አረፈ፤ ዓለም የፈለገው ከሞተ በኋላ ነው። የቫሽቲ በንያን ዕጣም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1970 ያወጣችው አልበም ሰሚ ቢያጣ ሙዚቃን ርግፍ አድርጋ ተወች፤ አልበሙ በ2000 እንደገና ታትሞ ሲወደድ፣ ሁለተኛውን በ2005 አወጣች። ይህን ስተርክ ድምፄ ይሰበር ነበር። "የዘመናቸው ሰው እንዴት ጆሮውን ይነፍጋቸዋል?" እያልኩ የሞተውን ትውልድ እወቅስ ነበር። እኔ ይህን በማወራበት ወቅት፣ እዚያው ለንደን፣ በካምደኑ ሴሲል ሻርፕ ሃውስና በየመጠጥ ቤቱ ፎቅ በሚሰበሰቡ የፎክ ክበቦች፣ ወጣቶች ቆመው ይዘፍኑ ነበር። የእነሱ የዘመን ሰው እኔ ነበርኩ።

ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ ራሴን መርምሬአለሁ። በሞተ ዘፋኝ ላይ ፍርዱ አልቋል፤ ታላቅ ነው ብለው የተስማሙ ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ ጋር መስማማት ምንም አያስከፍልም። ማንም ያልመሰከረለትን፣ ትናንት ማታ ለጥቂት ሰው የዘፈነውን "ይህ ሰው ግሩም ነው" ለማለት ግን የራስን ጆሮ ማመን ያስፈልጋል። እኔ የሌሎችን ምስክርነት ተውሼ እንደ ራሴ ዕውቀት ሳቀርብ ኖርኩ። ሸርሊ ኮሊንስን እንኳ፣ ያቺን የምወዳትን የሰሴክስ ድምፃዊት፣ "ነበረች" እያልኩ ነበር የማወራው። ድምጿ ከድቷት ከ1978 በኋላ ለ38 ዓመታት አልበም ሳታወጣ ቆይታ፣ በ2016 በ81 ዓመቷ አዲስ ይዛ መጣች። ይህንም አልተከታተልኩም ነበር።

ከሁሉ የሚቆጨኝ በአንድ ወጣት ላይ ያደረግኩት ነው። የስቱዲዮውን ድምፅ የሚቆጣጠርልን ልጅ ነበር። አንድ ቀን ከዝግጅቱ በፊት የአንጀሊን ሞሪሰንን "ዘ ሶሮው ሶንግስ"፣ በ2022 የወጣውን አልበም፣ ይዞልኝ መጣ። "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይስሙልኝ፤ ለእኛ ሰው የምትሆን ናት" አለኝ። ሽፋኑን አገላብጬ ዘፈኖቹን ራሷ እንደጻፈቻቸው ሳይ "ይሄ ፎክ አይደለም፤ ፎክ ከጥንት የወረደ ነው" ብዬ መለስኩለት። አንድም ዘፈን አልከፈትኩም። "እሺ ጋሼ" ብሎ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ምንም ይዞልኝ መጥቶ አያውቅም።

አልበሙን በኋላ ብቻዬን ሰማሁት። አንጀሊን ሞሪሰን በርሚንግሃም ተወልዳ ኮርንዎል የምትኖር ጥቁር ብሪታንያዊት ናት። ከነባሩ የሕዝብ ዘፈን ክምችት ውስጥ በዚያ አገር የኖሩ ጥቁሮችን ሕይወት የሚናገር ፈልጋ እምብዛም ስላላገኘች፣ ከታሪክ መዝገብ እያወጣች በአሮጌው የአዘፋፈን ሥርዓት ጻፈችላቸው። አንዱ ዘፈን በ1830 በሲሊ ደሴቶች በደረሰ የመርከብ አደጋ ስለሞተ፣ ስሙ ስለማይታወቅ አፍሪካዊ ልጅ ነው። ይህን ስሰማ ከመቅደላ ተወስዶ በ1879 በ18 ዓመቱ የሞተው፣ ዊንድዘር የተቀበረው ልዑል ዓለማየሁ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። በአየር ላይ የእሱን ታሪክ ደጋግሜ አንስቻለሁ፤ አድማጮቼም አልቅሰዋል። ያንን ኀዘን በእንግሊዝ ምድር፣ በእንግሊዝ ዜማ የምታዜም ሴት እንዳለች ልነግራቸው ስችል ሳልነግራቸው ቀረሁ። ልጁ "ለእኛ ሰው" ያለው ይህን ነበር።

ያቀረብኩለት ምክንያትም ውኃ የሚቋጥር አልነበረም። አልበሙን ያዘጋጀችው ኢላይዛ ካርቲ ናት፤ የማርቲን ካርቲና የኖርማ ዋተርሰን ልጅ። ያሳተመው ቶፒክ ነው፤ በ1939 የተቋቋመው፣ እኔ የማመልካቸውን ብዙዎቹን ሸክላዎች ያወጣው ድርጅት። ማርቲን ካርቲ ራሱ ለአሮጌ ግጥሞች የጎደለ ስንኝ እየሞላ፣ ዜማ ከሌላ ቦታ እያመጣ የዘፈነ ሰው ነው። የምወዳቸው ሰዎች ሲያደርጉት "ነፍስ ዘሩበት" ያልኩትን፣ የማላውቃት ሴት ስታደርገው ከደጅ መለስኳት።

ከዚያ በኋላ የናቅኳቸውን አንድ በአንድ መስማት ጀመርኩ። ሳም ሊ የለንደን ልጅ ነው። የቅኔ ተማሪ ከየኔታው ሥር እንደሚውል፣ ከቦታ ቦታ ይዘዋወር ከነበረው የስኮትላንድ ተጓዥ ማኅበረሰብ ከተገኙት ከስታንሊ ሮበርትሰን ዘንድ ቁጭ ብሎ፣ ሽማግሌው በ2009 እስኪያርፉ ድረስ በቃል ተማረ። በጸደይ ሰው አስከትሎ በሌሊት ጫካ ይገባና ናይቲንጌል ከምትባለው ወፍ ጋር አብሮ ይዘፍናል። ካሪን ፖልዋርት፣ እህትማማቾቹ አንታንክስ፣ አላስዴር ሮበርትስ፤ ሁሉም በየራሳቸው ሊደመጡ የሚገባቸው ናቸው።

ክሪስ ዉድ ላይ ግን ብዙ ቆየሁ። "ሆሎው ፖይንት" የሚለው ዘፈኑ በሐምሌ 2005 በስቶክዌል የባቡር ጣቢያ ፖሊስ በስሕተት ተኩሶ ስለገደለው ብራዚላዊ ወጣት፣ ስለ ዣን ቻርልስ ዴ ሜኔዜስ ነው። አይጮኽም፣ አይራገምም። የዚያን ጠዋት መንገድ አብሮ እየተራመደ፣ የድሮ ዘፋኞች የመንደር ግድያ በሚተርኩበት ርጋታ ይተርካል። ያን ሰሞን ለንደን ነበርኩ፤ የሐበሻ ልጆች ፖሊስ ይጠረጥረናል ብለው ቦርሳ ይዘው ባቡር መሳፈር ይፈሩ እንደነበር አስታውሳለሁ። የኖርኩበት ቀን ዘፈን ሆኖ ሳለ፣ እኔ ስለ 1969 አወራ ነበር።

ዝግጅቱ አሁን ቆሟል፤ አድማጮቹም ተበታትነዋል። በአየር ላይ የተናገርኩትን በአየር ላይ ማረም የምችልበት ቦታ ስለሌለኝ ነው እዚህ የምጽፈው። ለልጁ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። "ምን ማለትዎ ነው ጋሼ፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ" አለኝ። አሁን ምን እየሰማ እንደሆነ ስጠይቀው ጥቂት ዝም ብሎ "እልክልዎታለሁ" አለ። እስካሁን አልላከልኝም፤ አልፈርድበትም።