ያን ጠዋት ባልስቅባት ኖሮ...

ሰሞኑን አንድ የሰፈራችን ልጅ ሱቅ በር ላይ አስቆመኝ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም ይዘምራል። «ጋሼ፣ ባዮሎጂ እየወደድኩ ቤተክርስቲያን መሳለም ማስመሰል ነው እንዴ?» አይለኝም! ለካስ አንዱ የክፍሉ ልጅ «ወይ ዳርዊን ወይ ክርስቶስ፣ አንዱን ምረጥ» ብሎ ልቡን ሁለት ቦታ ከፍሎታል። ለስላሳ ገዛሁለትና ወሬውን ወደ ኳስ አዞርኩት። ፈሪ ነኝ እኮ! ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እናም ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልዘርግፈው። እህቴን አስፈቅጃታለሁ። «ጻፈው፣ ስሜን ብቻ እንዳታነሳ» ብላኛለች።

እኔም በልጅነቴ እንደዚያ ልጅ ነበርኩ። ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ መሪጌታ ባሕረ ሐሳብ ያስተምሩን ነበር። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሩ፣ ዓመተ ዓለሙን ታገኛላችሁ፤ እሱን ለ4 አካፍሉ፤ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ሂሳብ ነፍሴ ስለሆነ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ለእኔ ቁጥርና እምነት አንድ ቤት የሚኖሩ ወንድማማቾች ነበሩ።

10ኛ ክፍል ስደርስ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ወሰዱን። ድንቅነሽ! ኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሀዳር ላይ የተገኘችው፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። በመሪጌታ ሂሳብ ደግሞ ዓለም ከተፈጠረ ገና ሰባት ሺህ አምስት መቶ ገደማ ነው። ታዲያ የቱን ልያዝ? አስተማሪዬን ስጠይቀው «ለፈተና የሚመጣው መጽሐፉ ላይ ያለው ነው» አለኝ። ከሰንበት ተማሪዎቹ ታላቁን ስጠይቀው «የዝንጀሮ አጥንት ነው፣ ተወው» አለኝ። ይገርማችኋል፣ ሁለቱም ዝም በል ነው ያሉኝ። ጥያቄዬን መሪጌታ ዘንድ መውሰድ ነበረብኝ፤ አፈርኩ መሰለኝ፣ አልወሰድኩትም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮሎጂ ሳጠና ያ 3.2 ሚሊዮን ከሰው አፍ የወጣ ቁጥር እንዳልሆነ ገባኝ። ሀዳር አካባቢ የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎች አሉ። በአመዱ ውስጥ ያለ ፖታሲየም ቀስ እያለ ወደ አርጎን ይቀየራል፤ የተጠራቀመውን አርጎን ለክተው ዕድሜውን ያወጡታል። ሸጋ ሥራ ነው! እውቀቱ አልጎዳኝም። የጎዳኝ አብሮት የመጣው ጉራ ነው። እቤት ስመጣ እማዬ የምታስቀምጠውን የጸበል ጀሪካን እያየሁ «ኤች ቱ ኦ» እል ነበር። እሷ ዝም ትለኛለች። ትንሿ እህቴ ግን ሁሉንም ትሰማለች።

በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ እህቴ ተመርምራ ኤች አይ ቪ በደሟ ተገኘ። እንዴት እንደያዛት የእሷ ጉዳይ ነው፤ አልጽፈውም። ሲዲ ፎሯ 170 ነበር። እነዚህ በሽታን የሚከላከሉልን ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፤ ከ200 በታች ሲወርዱ ነገሩ አስጊ ነው። በዚያ ጊዜ መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ከጀመረ ዓመታት አልፈውት ነበርና ወዲያው ጀመረች። ሦስት መድኃኒት በአንድ ኪኒን፣ ማታ ማታ። ከሦስቱ አንዱ ኤፋቪረንዝ ይባላል። ይህን ስም ያዙልኝ።

እማዬ ደግሞ «ይሄን የመሰለ ከባድ መድኃኒት በባዶ ሆድ? በፍጹም!» ብላ ማታ ማታ ቅቤ የነከረው ወጥ ታጎርሳታለች። የእናት አንጀት ነው፣ ምን ይባላል? እህቴ ወፈር አለች፣ ፊቷ ተመለሰ። ሁላችንም ደስ አለን።

አንድ ጠዋት ግን ዓይኗ አብጦ መጣችና ጎኔ ቁጭ አለች። «ሌሊት ሌሊት አንድ ጥቁር ነገር ደረቴ ላይ ይቆማል። ስነቃም ቤቱ ይዞርብኛል። ጋኔን ይሆን እንዴ?» አለችኝ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሳቅኩባት! «በ21ኛው ክፍለ ዘመን ጋኔን! ላቦራቶሪ ይዘሽው ነይና በማይክሮስኮፕ እንየው» አልኳት። ያኔ ላቦራቶሪ መሥራት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። በየቀኑ የሰው ደም እያየሁ «ምልክቱ መቼ ጀመረ?» የሚል ቅጽ አነባለሁ። ለገዛ እህቴ ግን ይህቺን አንዲት ጥያቄ አላነሳሁላትም። ሳይንስ ሳይንስ የምል ሰውዬ የመድኃኒቷን ወረቀት እንኳ ከፍቼ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ስለ ሕልሟ ለእኔ ትንፍሽ አላለችም። የሚሰማት ሰው ፈለገች፣ አገኘችም። ከከተማ ወጣ ያለ ጸበል እየሄደች ስትጠመቅ አንዲት ሴት ተዋወቀቻትና «ጠላት ነው የሚያስጨንቅሽ። እምነትሽ ሙሉ ከሆነ ኪኒኑን ጣዪው» አለቻት። ጣለችው። እና ምን ሆነ መሰላችሁ? ሕልሙ ጠፋ! በሳምንት ጊዜ ውስጥ እንቅልፏ እንደ ሕፃን ሆነ። አሁን እስቲ በእሷ ቦታ ሁኑና ፍረዱ። ያየችውን ነው ያመነችው።

ቫይረሱ ግን አልሞተም። መድኃኒቱ እንዳይራባ ነው የሚይዘው፤ የቀረው በተኙ ሴሎች ውስጥ ተደብቆ ይጠብቃል። መድኃኒቱ ሲቆም ይነቃል። ሰባት ወር ያህል ሸሽጋን ቆየች። በ2005 ዓ.ም. ክረምት ክብደቷ ወረደ፣ አፏ ውስጥ ነጭ ነገር ወጣ፣ ምራቋን መዋጥ እንኳ አቃታት። ቁም ሳጥኗ ውስጥ ልብስ ስፈልግላት ያልተከፈቱ የመድኃኒት ብልቃጦች ተደርድረው አገኘሁ። ጮህኩባት። «ገዳይሽ ይሄ ጸበልሽ ነው!» አልኳት። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ያን ቀን ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት በጄ አላለችም።

እማዬ ናት የነፍስ አባታችንን የጠራችው። አባ ሲመጡ «በቃ አለቀላት፣ ሌላ ጸበል ሊያዙላት ነው» ብዬ በር ላይ ቆሜ ጥርሴን ነከስኩ። እሳቸው ግን መስቀላቸውን አሳልመዋት አጠገቧ ተቀመጡና መጠየቅ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ሕልሙ የጀመረሽ መቼ ነው?»

«መድኃኒቱን እንደጀመርኩ ሰሞን።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ኧረ በፍጹም።»

«ስትተዪውስ?»

«ጠፋ አባ።»

አባ ጥቂት ዝም አሉ። «ኪኒን በተዋጠ ሰዓት ብቻ የሚመጣ ጋኔን እኔ ገጥሞኝ አያውቅም። ይሄንን እንዳለ ለሐኪሙ ንገሪው። ጸበሉን አልከለክልሽም፣ መድኃኒቱንም አትተዪ። ሉቃስ ወንጌላዊው እኮ ሐኪም ነበር» አሏት።

እናንተዬ፣ በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! እኔ ልጠይቀው የሚገባኝን ጥያቄ፣ በእኔ የሙያ ደንብ፣ ቄሱ ጠየቁት። ሲወጡ ሸኘኋቸው። መንገድ ላይ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን እንዳነብ ነገሩኝ፤ ስለ ሐኪም ክብርና ከምድር ስለሚገኝ መድኃኒት የሚናገር ነው። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስም ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ምእመናን መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ እ.ኤ.አ. በ2007 በአደባባይ ተናግረው ነበር። እህቴ መድኃኒቷን ስትጥል ይህ ከተባለ ዓመታት አልፈዋል። እኛ ቤት ግን ማንም አልነገራትም። እኔ ቤተክርስቲያን የሚባለውን አልሰማም፣ እሷ እኔ የምለውን አትሰማም፤ እንዴት ይድረሳት?

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድን። ሲዲ ፎሯ 84 ገብቷል። ሐኪሟ ስለ ሕልሙ ሲሰማ ሳቅ የለ፣ ቁጣ የለ። ኤፋቪረንዝ አስፈሪ ሕልምና ማዞር እንደሚያመጣ፣ ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ብሎ ነገሩን እንደሚያብስ አስረዳት። ነርሷ በመጀመሪያው ቀን ነግራታለች አሉ። ግን እንዲያ ያለ ውጤት በሰማ ቀን የማን ጆሮ ይሰማል? «ልትተኚ ስትይ፣ በባዶ ሆድ ዋጪው» አላት። እማዬ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ያ ሁሉ ቅቤ!

ሕልሙ ቀነሰ እንጂ ጭራሽ አልጠፋም። በ2012 ዓ.ም. ዶሉቴግራቪር ወዳለበት ኪኒን ሲቀይሩላት ነው የተገላገለችው። ዛሬ ቫይረሱ በምርመራ አይታይም። እንዲህ የሆነ ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እስከቆየ ድረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ እንደማያስተላልፍ በጥናት ተረጋግጧል። አግብታለች፣ ወልዳለች፤ ልጇም ነጻ ነው። ጠዋት ጠዋት ኪኒኗን የምትውጠው በሃይላንድ ባስቀመጠችው ጸበል ነው። ከዳነች በኋላ «ማን አዳነሽ?» ብዬ ሞኝ ጥያቄ ጠይቄያት ነበር። «አንተ ካልሆንክ ማንም ይሁን» አለችኝ። ቀልዷን ነው፤ ግን ወጋኝ።

እንግዲህ ለዚያ ልጅ ምን ልበለው? የባዮሎጂ መጽሐፉ ላይ ያለው ሜንዴል አተር እያዳቀለ የዘር ውርስን ሕግ ያገኘ መነኩሴ መሆኑን እነግረዋለሁ። ዓለም እየሰፋ ነው የሚለውን እ.ኤ.አ. በ1927 በስሌት ያሳየው ለሜትር ደግሞ ቤልጂጋዊ የካቶሊክ ቄስ ነበር። ስሌቱን ለዘፍጥረት ማስረጃ ሊያደርጉት ሲፈልጉ ያልወደደው እሱ ራሱ ነው። ይህን ሰውዬ እኔ በጣም እወደዋለሁ።

ስለ 7500ውና ስለ 3.2 ሚሊዮኑ ቢጠይቀኝስ? ባሕረ ሐሳብ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ይነግረኛል፤ ስለ ሀዳር አመድ ግን እሱን አልጠይቀውም። የድንቅነሽን ዕድሜ አመዱ ይናገር። ይህ ሁሉንም የሚያስማማ መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ልጁም ብልህ ነው፣ ይይዘኛል። ይያዘኝ። ብቻ አልስቅበትም፣ ዝም በልም አልለውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ቀጥሬዋለሁ። እህቴ ስትሰማ «እኔም እመጣለሁ፣ አንተ ብቻህን ከሆንክ ታበላሸዋለህ» ብላለች።